የወንዶችን ደም ፍለጋ፣ ከድሬዳዋ እስከ ዳንግላ

ከተመለስኩ ወዲህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ያሉት ጎረቤቶቼ «አገሩ እንዴት ነው?» ባሉኝ ቁጥር ስለ ብርዱ እጀምርና ስለ አንድ የእህል ነጋዴ እጨርሳለሁ። አብዛኞቹ ጎጃም ያለውን የአዊ አገር አይተው አያውቁም፤ የሚያዩም አይመስለኝም። እኔም ሥራ ባይወስደኝ ኖሮ አላይም ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ዶክተር ዮናስ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ቀደም ሲል እኛ ዘንድ መጥቶ የወንዶችን ደም ሲያጠና አብሬው ሠርቼ ነበር። አሁን ያንኑ ሥራ በደጋ አገር ሊደግመው ሲነሣ ደውሎ ለመነኝ። ጥናቱ ሁለት ነገሮችን ያገናኛል። አንደኛው ሜታቦሊክ ሲንድረም የሚባለው ነው፤ የወገብ መስፋት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ቅባት ከፍ ማለት፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ማነስ፤ ከነዚህ ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ማለት ነው። ሁለተኛው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ነው። ሰውነታችን ምግብን በኦክስጅን አቃጥሎ ኃይል ሲያደርግ ያገኙትን የሚያበላሹ ቅንጣቶች ይወጣሉ። መከላከያ አለን። ቅንጣቶቹ ከመከላከያችን ሲበልጡ ግን ጉዳቱ ይጀምራል። አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል ይባላል፤ ማን ማንን እንደሚቀድም ገና ያከራክራል።

ለምን ወንዶች ብቻ ለሚለኝ መልሱ ቀላል ነው። ሴቶች ለእርግዝናም ለልጅ ክትባትም ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ ያኔ ግፊታቸው ይለካል። ወንድ የሚሄደው ወድቆ ሰው ሲሸከመው ነው።

ሰኞ

ድሬዳዋን በጠዋቱ ሙቀት ለቅቄ በአዲስ አበባ በኩል ባሕር ዳር ገባሁ። ዮናስ ከሾፌራችን ከጋሽ ታደሰ ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋሽ ታደሰ የእጅ ቦርሳዬን አንሥተው ወደ ጀርባዬ ተመለከቱ።

«ሌላው ሻንጣ የታለ?»

«ይኸው ነው።»

«ጃኬትስ?»

አንገቴ ላይ ያለውን ቀጭን ሻርፕ አሳየኋቸው። ዮናስን አዩት፤ ሁለቱም ሳቁ። ያን ዕለት አልገባኝም። ባሕር ዳር ከድሬዳዋ ብትቀዘቅዝም ሻርፕ ይበቃታል። ዓሣ በልተን፣ ለማግስቱ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጋሽ ታደሰ ለሚያውቋቸው ሾፌሮች ደውለው አረጋግጠው ተኛን።

ማክሰኞ

በመርዓዊና በዱርቤቴ አድርገን ወደ ደቡብ ወረድን። «ወረድን» እላለሁ እንጂ እየወጣን ነበር። እኛ አገር መንገድ ዳር ቁልቋልና ግራር ነው የሚታየው፤ እዚህ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ፣ በግ ያለበት። ዳንግላን አልፈን አዲስ ቅዳም ስንደርስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለ ጥቅጥቅ ያለ ደን ጀመረ። ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ድሬዳዋ ላይ ሻይ የምናፈላበት ከሰል ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም ነበር።

እንጅባራ ስንገባ ቀትር አልፎ ነበር፤ ብርዱ ግን ገና ያልነጋ ያስመስለዋል። ያዘዝነው አልቤርጎ የት እንደሆነ የጠየቅናቸው ሰዎች ሁሉ «ቆሰበር ላይ ነው፣ መሀል ቆሰበር» ይሉናል። እኔ ደግሞ ሌላ ከተማ መስሎኝ «እንጅባራ ነው የምንፈልገው» እላለሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ወርዶ መስኮታችን ድረስ መጣ።

«እቴ፣ ቆሰበር እኮ እንጅባራ ነው፤ እንጅባራም ቆሰበር ነው። የቆምሽበት ነው!»

አልቤርጎው ንጹሕ ነው። ከልማዴ የተነሣ የአልቤርጎውን ባለቤት «ክፍሉ ቬንትሌተር አለው?» አልኳት። እኛ አገር ክፍል ሲከራይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ሴትየዋ ትንሽ ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሄደች፤ ስትመለስ በእጇ ብርድ ልብስና የራሷን ሹራብ ይዛ ነበር። ሹራቡን ቆሰበርን እስክንለቅ ድረስ አላወለቅሁትም፤ ስሰጣትም «ድሬዳዋ ላይ አስታውሺኝበት» ብላ መለሰችልኝ። አሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው። እዚህ የሚለበስበት ቀን የለም።

ረቡዕ

ለምርመራው ሰው ከማታ ጀምሮ ሳይበላ መምጣት አለበት። ድሬዳዋ ላይ ትልቁ ፈተናችን ይህ ነበር። «አልበላሁም» ይሉና ጥቂት ቆይተው «ሻይ ብቻ፣ በወተት» ይላሉ። ፉል የበላ ሰው «ትንሽ ናት» ብሎ ተከራክሮኛል። ዮናስ ለአዊ ረቡዕንና ዓርብን የመረጠው አውቆ ነው። የጾም ቀን ስለሆነ እዚህ ወንዱ እስከ ቀትር እህል አይቀምስም። በጠዋቱ የመጡት ሁሉ ባዶ ሆዳቸውን ነበሩ፤ አንድም ሰው መመለስ አላስፈለገንም።

እኔን ያስቸገረኝ ሜትሩ ነው። የወገባቸውን ስፋት ልለካ ሜትር ይዤ ስቀርብ የመጀመሪያው ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጥብቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ደሙን ውሰጂ። ወገቤን ግን ሴት አትለካኝም።»

ዮናስ ሜትሩን ተቀበለኝ፤ እኔም ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ውኃ ፈሰሰ። ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ቱቦ ደም እንቀዳለን። አንዱ ለስኳርና ለቅባት ነው። ሌላው ቅንጣቶቹ ያደረሱትን ጉዳት የምናይበት ነው፤ እሱ ወዲያው ተጣርቶ በረዶ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ለዚህ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማቀዝቀዣ ይዘናል። ድሬዳዋ ላይ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር እሳቀቅ ነበር። እዚህ አየሩ ራሱ ያግዘኛል። ከሰዓት ሥራችንን ስንጨርስ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ድንች ወጥ በልተን፣ እኔ ሦስት ልብስ ደርቤ፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሐሙስ

ወደ ዳንግላ ለመሄድ ቆሰበርን ለቀቅን። አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ከሞተሩ እንፋሎት ወጣ። ጋሽ ታደሰ መንገድ ዳር አቁመው ክዳኑን ከፈቱ። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዷል። ዕቃው ካልመጣ መኪናው አይሄድም፤ ሞተሩ ካልሠራ ባትሪው ይደክማል፤ ባትሪው ከደከመ የረቡዕ ሰዎቼ ደም ይበላሻል። ዮናስ ስልኩን ሽቅብ አንሥቶ ኔትወርክ እየፈለገ ሜዳው ላይ ይሽከረከራል። እኔ ማቀዝቀዣውን በጋቢ ጠቅልዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እህል የጫነ አይሱዙ ቆመ። የሚነዱት ባለቤቱ ራሳቸው ነበሩ። ግዙፍ ሰው፣ ፊታቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው መሪውን የሚነካ። አቶ እንየው ይባላሉ፤ የዳንግላ የእህል ነጋዴና ባለ ወፍጮ ናቸው።

«ምን ሆናችሁ?»

ነገርናቸው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ደም መሆኑን ሲሰሙ ይሸሻሉ ብዬ ነበር።

«የማን ደም ነው?»

«የቆሰበር ሰዎች።»

«የእኛው ሰዎች ደም መንገድ ላይ ሊበላሽ ነው? ጫኑት!»

ጋሽ ታደሰ መኪናዬን ትቼ አልሄድም አሉ። እኔና ዮናስ ማቀዝቀዣውን እግራችን መሀል ይዘን ጋቢና ተጨናንቀን ገባን። መንገዱ አጭር ነው፤ አቶ እንየው ግን ሁለት ጊዜ አቁመው ለሽንት ወረዱ። የያዙትን ትልቅ ላስቲክ ውኃ ጨርሰው አዲስ ቅዳም ላይ ሌላ ገዙ። በግራ እጃቸው እግራቸውን ያሻሉ።

«ያምዎታል?» አልኳቸው።

«ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል። መቀመጥ ነው። ሌላ ምንም የለብኝ።»

ዮናስን አየሁት፤ እሱም አየኝ። ሁለታችንም የገመትነው አንድ ነገር ነው። በሰው መኪና ተሳፍሮ ባለ መኪናውን «ታመሃል» ማለት ግን ይከብዳል።

ይልቅ እሳቸው ምን እንደምንሠራ ጠየቁኝ። ከመንገዱ ወዲያ ከሰል እየከሰለ ነበር፤ በአፈር ከተሸፈነው ክምር ቀጭን ጢስ ይወጣል።

«ያ ክምር አየር ሲበዛበት ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ነዶ አመድ ይሆናል እንጂ።»

«ሰውነት ውስጥም የሚቃጠል ነገር አለ። ቃጠሎው ከልኩ ሲያልፍ ደም ሥሩንም ጉበቱንም ይጎዳል። ሆዱ የሰፋ፣ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ይብሳል ወይ ነው ጥያቄያችን።»

«ሆድ የሰፋ ብለሽ እኔን ነው የምታዪ?» አሉና በሳቅ መኪናውን አናወጡት። ነገ በባዶ ሆድዎ ይምጡ ስላቸው ግን ሳቁ ቆመ። «ተይኝ እቴ። እኔ ታምሜ አላውቅም።»

ዳንግላ ስንደርስ መብራት የለም። አልቤርጎ ልንሄድ ስንል «በእኔ ደጅ አልፋችሁ?» ብለው ወደ ቤታቸው አስገቡን። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ስማችንን እንኳ ሳይጠይቁ ውኃ አቅርበው አስታጠቡን። አቶ እንየው ጓሮ ካለው ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር አስነሥተው ገመድ ስበው ማቀዝቀዣዬን ሰኩልኝ። ሊያስፈጭ የመጣ ሰው «ወፍጮው ሥራ ጀመረ?» ብሎ ሲገባ «ዛሬ የሚሠራው ለእንግዶቼ በረዶ ነው፤ ነገ ና» ብለው መለሱት። መብራት እስኪመጣ ድረስ አላጠፉትም። የረቡዕ ሰዎቼ ደም ያለ እሳቸው አይተርፍም ነበር፤ ይህን ዛሬም ለሁሉም እናገራለሁ።

እራቱ ዶሮ ነበር። እኛ ቤት ለእንግዳ ሩዝ ነው የሚቀርበው፤ እንግዳውም በገዛ እጁ ይበላል። እዚህ እኔ በእጄ የበላሁት ትንሽ ነው፤ ቀሪውን ያጎረሱኝ ናቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ሰሃን ሲያነሱ ወደ ጓዳ ተከትያቸው ገባሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዙኝ።

«ሲስተር፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሣ ብታዪ። ዐይኑም ደክሟል፤ የሚያውቀውን ሰው በሩቅ አይለይም። ብነግረው ይቆጣኛል። አንቺ ንገሪልኝ።»

እንግዳ ሰው እንጂ ዘመድ አልነበርኩም፤ ልመናቸው ግን ከበደኝ። እሞክራለሁ አልኳቸው።

ዓርብ

የተሰጠን ቦታ የቀበሌው አዳራሽ ነበር። ጠረጴዛዬን ዘርግቼ መርፌዬን ደርድሬ ተቀመጥኩ። ሰው አልመጣም ማለት አይቻልም፤ መጥቷል፤ ግን ውጭ ነው። ከአጥሩ ሥር ጋቢና ጃኬት የለበሱ ወንዶች ቆመው ያወራሉ፤ አንዱም ደፍሮ በሩን አያልፍም። ዮናስ ወጥቶ ለመናቸው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ደማችንን ወደ ድሬዳዋ ወስደው ሊሸጡት ነው እያሉ ነው።»

የሚያስቸግረው ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው። ድሬዳዋ አይሁን እንጂ ቱቦዎቹ ለምርመራ ሩቅ ይሄዳሉ። ይህን ደብቆ ማስረዳት አይቻልም፤ ተናግሮ ማሳመንም እንዲህ ቀላል አልሆነም። ዳንግላ ቀረች ማለት ጥናቱ ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ዮናስ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

አቶ እንየውና ወይዘሮ አትጠገብ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ሊያዩን ጎራ አሉ። አቶ እንየው ነገሩን ሰምተው በሩ ላይ ቆመው ጮኹ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ሴት ናት የያዘችው፣ ጦር አይደለም! ግቡ!»

ከመሀል አቶ ቢተው የሚባል የእህል ነጋዴ ጓደኛቸው ወጣ።

«አንተስ? አንተ ስትገባ እናያለን።»

ሁሉም ሳቁ። አቶ እንየው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ፤ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ወይዘሮ አትጠገብ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት አዩ። አቶ እንየው ኮታቸውን አወለቁ፤ መጥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ቅጂ።»

ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነበር። ሁለቱን ቱቦ ከቀዳሁ በኋላ ከጣታቸው አንድ ጠብታ ወስጄ ለፈጣኑ የስኳር መለኪያ ሰጠሁት። መሣሪያው አሰበ፣ አሰበና ቁጥር ማውጣቱን ትቶ ከአቅሜ በላይ ነው የሚለውን ምልክት አሳየ። በሌላ ጣት ደገምኩ። ያው ነው። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ፊቴን እያዩ ነው። ይህ የሳቸው ምሥጢር ነው፤ ፊቴ ላይ እንዳይነበብ ጎንበስ አልኩ።

«ወደ ውስጥ እንግባ» ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወሰድኳቸው። ዮናስ ተከተለን።

«ንገሪኝ» አሉ።

«ስኳር ነው። በጣም ከፍ ብሏል። ግፊትም አለ። ዛሬውኑ ሕክምና መጀመር አለብዎት፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ።»

«ምንም ሳያመኝ?»

«ውኃ ጥሙ፣ ሽንቱ፣ እግርዎ፣ ዐይንዎ፤ ይህ ሁሉ እሱ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰውነት ድንገት ያነሰ መሰለኝ። የተናገሩት ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«አባቴ እግሩ ቆስሎ አልድን አለው። ጠበል ወሰድነው፣ መድኃኒተኛ አመጣን። ውኃ፣ ውኃ እያለ ነው የሞተ። ይህ ነበር ማለት ነው?»

ዮናስ በርከክ ብሎ እጃቸውን ያዘ። «ላልመረመርኩት ሰው አዎ ነው ማለት አልችልም፤ ሊሆን ግን ይችላል። እርስዎ ግን እግርዎ ሳይቆስል ደርሰንበታል። መድኃኒት አለው። ክብደትዎ ሲቀንስ፣ ሲንቀሳቀሱ፣ ስኳሩም ግፊቱም አብረው ይወርዳሉ። ይህን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ።»

«በእርግጠኝነት?»

«መድኃኒትዎን ካላቋረጡ።»

ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። እኔ በጓሮ በር ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን በዋናው በር ወጥተው ሰዎቹ ፊት ቆሙና በአገሬው ቋንቋ፣ በአዊኛ መናገር ጀመሩ። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዳንዱ ጋቢውን አስተካክሎ የራሱን ሆድ ሲያይ አየሁ። ወይዘሮ አትጠገብ አጠገቤ ቆመው እያለቀሱ ተረጎሙልኝ።

«‹ስኳር ተገኘብኝ› ነው የሚላቸው። ‹ይህን ሆድ ሀብት ነው ስትሉኝ ኖራችኋል። አባቴን የገደለው ሳይታወቅ ተቀበረ፤ የእኔን ግን ዛሬ አወቅሁት። ደሜን ከፈለጉ ድሬዳዋ ይውሰዱት፤ እኔ ዳንግላ መቆየት እፈልጋለሁ። ግቡ› ነው የሚላቸው።»

መጀመሪያ የገባው አቶ ቢተው ነው። እጅጌውን እየሰበሰበ «መርፌው አዲስ ነው?» አለኝ። ፊቱ ላይ ፓኬቱን ቀድጄ አሳየሁት። ከኋላው የተሰለፈው ሰው አጥሩን አልፎ ነበር። ወገቤን ሴት አትለካኝም ያለ አንድም የለ፤ ሜትሩን ይዤ እኔም ለካሁ፣ ዮናስም ለካ። ቱቦ እንዳያልቅብን ሰጋሁ።

ዮናስ አቶ እንየውን ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። በዕለቱ ታይተው መድኃኒት ጀመሩ። ከሰዓት ወደ ቤታቸው ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ወይዘሮ አትጠገብ ከጎረቤት ለመጣ ሁሉ ስለ ምግብ የተነገራቸውን ከእሳቸው ቀድመው ያስረዳሉ።

ቅዳሜ

ጋሽ ታደሰ ቱቦውን አስቀይረው በጠዋቱ ደረሱ። ሁለቱን ሌሊት እዚያው መንገድ ዳር ያለ ቤተሰብ አስገብቶ አሳድሯቸዋል፤ «ወተቱን ጠጥቼ ልሞት ነበር» ይላሉ። ወይዘሮ አትጠገብ የተራበ ሰው እንኳ የማይጨርሰው ቁርስ አቀረቡልን። ለባለቤታቸው የቀረበው ሳህን ግን ትንሽ ነበር። አቶ እንየው ሳህናቸውን አዩ፤ የእኛን አዩ።

«ባዳው እኔ ነኝ እንዴ ዛሬ?» አሉ። ከዚያ ሳይጨምሩ በልተው ተነሡ።

ስንሸኝ ወይዘሮ አትጠገብ አንገቴን አቅፈው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ማቀዝቀዣው በረዶውን እንደያዘ ባሕር ዳር ገባ።

ድሬዳዋ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ወደድኩት። የጥናቱን ውጤት ዮናስ በጊዜው ይናገራል፤ ከእኔ አይጠበቅም። በእጄ ካለፈው ሥራ የምለው ቢኖር፣ ሆዳቸው ሰፍቶ ግፊትና ስኳር ባለባቸው ወንዶች ደም ውስጥ የጉዳቱን ምልክት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ቆላም ሆነ ደጋ፣ ድሬዳዋም ሆነ ዳንግላ። ስለዚህ የእኛም ሠፈር ወንዶች ይህን የምታነቡ ከሆነ ነገ ጠዋት ሳትበሉ ኑ። ሻይ በወተትም አይቻልም።

ከወራት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። ስኳሩ እየወረደ ነው አሉኝ፤ ዐይኑም ተሻለው፤ አቶ ቢተውም ግፊት ተገኝቶበት መድኃኒት ይዟል። ሁለቱ ጠዋት ጠዋት አብረው ይራመዳሉ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ወንድ ሁሉ «ተመርምረሃል?» እያሉ ያስቸግራሉ። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አቶ እንየው ስልኩን ነጠቋቸው።

«እቴ! ስሚኝማ። ቀበቶዬ ቀዳዳ አለቀበት። ትናንት በሚስማር አዲስ በሳሁለት!»